ከጮቄ ሥር ሆኖ አየር ንብረት ማጥናት፦ ከየት ልጀምር ለምትሉኝ

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር የአክስቴ ልጅ በርጩማዋን ይዛ ተጠጋችኝ።

«እትዬ፣ እኔም እንዳንቺ ክላይሜት ቼንጅ ልማር ነው።»

«ጎሽ! ምኑን?»

«እንዴ፣ ክላይሜት ቼንጅን ነዋ!»

ሳቅኩ። ወዲያው ግን አፈርኩ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ዲኤ (የግብርና ልማት ሠራተኛ) ሆኜ ስሠራ፣ ማስተርስ ልማር ብዬ ስነሳ የነበረኝ መልስ ይኸው ነበር። በዚህ መልስ አንድ ዓመት ሙሉ ባከነብኝ። እሷም እንዳይባክንባት እስከ በረካ ድረስ አወራን። በኋላ ሌሎችም እየደወሉ ያንኑ ሲጠይቁኝ፣ በቃ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ማስተርሴን የሠራሁት አገር ቤት ነው። አሁን ውጭ ፒኤችዲ ላይ ነኝ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሁለቱንም መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ሁለቱም ላይ ተደናቅፌአለሁ።

ትምህርት ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ጥያቄ ፈልጉ

«አየር ንብረት» የሚባል አንድ ትምህርት የለም። የፊዚክስ ሰው ስለ ጨረርና ስለ ደመና ያጠናል። የውሃ ሰው ዓባይ ላይ በቀን ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ ይለካል። የእርሻ ሰው ጤፉ በየትኛው ሳምንት ውሃ እንደሚጠማው ይጠይቃል። የኢኮኖሚክስ ሰው ወጪውን ከጥቅሙ ጋር ያስተያያል። የሕግ ሰው የአየር ንብረት ስምምነቱን አንቀጽ በአንቀጽ ይበልታል። ሁሉም ሲጠየቁ «አየር ንብረት ነው የማጠናው» ይላሉ።

በጥቅሉ ሁለት ሰፈር አለ ብላችሁ ያዙት። ሳይንሱ «ምን እየሆነ ነው? ለምን?» ይላል። ፖሊሲው ደግሞ «ታዲያ ማን ምን ያድርግ? በማን ገንዘብ?» ይላል። ሁለቱንም አስተምራለሁ የሚል ፕሮግራም ሞልቷል። ሁለቱንም መቅመስ ጥሩ ነው። ግን አንዱን በደንብ ሳይዙ ሁለቱን መጨበጥ፣ ከሁለቱም ሳይሆኑ መቅረትን ያመጣል። ስብሰባ ላይ አሳምሮ የሚያወራ፣ አንድ ሰንጠረዥ አስቀምጡለት ሲባል ግን የሚያልበው ሰው አይታችኋል አይደል? እንደዛ።

የትኛውን እንደምትይዙ የሚነግራችሁ ጥያቄያችሁ ነው። የእኔ ጥያቄ ከአባቴ የመጣ ነው። ግንቦት ሲጋመስ አባ ደጃፍ ላይ ይቆምና ወደ ጮቄ እያየ «አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮስ ዝናቡ መቼ ይገባል?» ይለኛል። ዲግሪ አለኝ። የመንግሥት ደመወዝ እበላለሁ። መልስ ግን የለኝም። እሱ ገብሱንና እንግዶውን መቼ እንደሚዘራ የሚወስነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ይህን የመሰለ ጥያቄ ቤቴ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ እኔ ለማስተርስ ያቀረብኩት ርዕስ ምን ነበር መሰላችሁ? «የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ ግብርና ላይ ያለው ተጽዕኖ»። አንድ መምህር ቀይ እስክሪብቶ አነሱ። «የትኛው ለውጥ? ሙቀት ነው ዝናብ? የትኛው ግብርና? የማን? ከስንት ዓመት እስከ ስንት?» እያሉ ዳር ዳሩን ሞሉት። ከእኔ ጽሑፍ የእሳቸው ቀይ በለጠ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ያን ወረቀት በምንም ገንዘብ አልሸጠውም።

ከብዙ ወራት በኋላ ጥያቄዬ እንዲህ ሆነ፦ በጮቄ ደቡባዊ ተዳፋት የክረምት ዝናብ የሚገባበት ቀን ባለፉት 30 ዓመታት ተለውጧል ወይ? 30 ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአንድን ቦታ አየር ንብረት ለመግለጽ የሚጠቀምበት መለኪያ 30 ዓመት ነው። የዛሬ ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው፤ የ30 ዓመቱ ጠባይ ነው አየር ንብረት የሚባለው።

ጥያቄያችሁን እንዲህ ፈትኑት። መልሱ ሊቆጠር ወይም ቀን ሊወጣለት ይችላል? ዳታው እናንተ እጅ ሊገባ ይችላል? መልሱን ስታገኙ «እስቲ ንገረኝ» የሚል ሰው አለ? አንዱ እንኳ «የለም» ከሆነ ገና ነው፤ እንደገና አጥብቡት።

የአክስቴን ልጅም እንዲሁ አፋጠጥኳት። እሷ የምትሠራው አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ነው። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል። ከዚያ ሣር ያጭድበታል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆርጠውና ከሰል ያከስለዋል። መሬቱን አርሶ እንደገና ይተክላል። «ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል» አለችኝ። «ግን በኋላ እናቃጥለዋለን። ታዲያ ካርቦን እየያዝን ነው ወይስ እየለቀቅን?»

ብድግ ብዬ ሳምኳት። ጥያቄ ማለት ይሄ ነው!

እስቲ ይቺን ጥያቄ እንፈልፍላት። ከዛፍ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ዛፉ ሲያድግ ካርቦኑን ከአየር ይወስዳል። ከሰሉ ሲነድ ይመልሰዋል። ቀጣዩ ችግኝ እንደገና ይወስዳል። ስለዚህ ግንዱን ብቻ ብታዩ ሒሳቡ ዞሮ ዞሮ ያው ይመስላል። ግን አፈሩስ? ሥሩና ቅጠሉ አፈሩ ውስጥ ምን ጥለው ሄዱ? ከዛፉ በፊት እዚያ ምን ነበር፤ የተሸረሸረ ማሳ ነው ወይስ ግጦሽ? ይህ ከሰል ባይኖር ኖሮ የተፈጥሮ ደን ይቆረጥ ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ አፈር ቆፋሪ ያደርጋችኋል። የመጨረሻው ገበያ ለገበያ የምትዞር የፖሊሲ ሰው ያደርጋችኋል። ኮረብታው አንድ ነው፤ ዲግሪው ሁለት።

ሒሳብ፣ ኮድ እና የጠፋው ነሐሴ

«ሒሳብ አልወድም፣ ልግባበት?» የሚለኝ ብዙ ነው። ወደ ከባቢ አየር ፊዚክስና ሞዴል የምትሄዱ ከሆነ ካልኩለስ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ሊኒየር አልጀብራ ግድ ናቸው። ልሸነግላችሁ አልፈልግም። ወደ እርሻ፣ ውሃና ተጽዕኖ ጥናት ከሆነ ስታቲስቲክስ ይበቃል፤ ግን የምር ስታቲስቲክስ። ወደ ፖሊሲ ከሆነም አንድን ግራፍ አይቶ «ይሄ ነገር አይመስለኝም» ማለት የሚያስችል ያህል ያስፈልጋል።

የሳይንሱን መሠረት ግን ማንም አይዝለለው። በአየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ገደማ ነበር። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ይህን የምናውቀው ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሚለካ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ደግሞ በረዶ ውስጥ ታፍኖ ከቀረ አየር ስለሚያወጡት ነው። ጋዙ ሙቀት እንደሚይዝ ኤውኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት በ1856 እ.ኤ.አ. በብርጭቆ ቱቦና በቴርሞሜትር አሳይታለች። ስቫንቴ አሬኒየስ በ1896 በእጁ አሰላው። አዲስ ወሬ አይደለም።

ከዚያ ወደ ቤታችሁ ኑ። የክረምታችንን ዝናብ ማን ያመጣዋል? እርጥበቱ ከህንድ ውቅያኖስም ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩልም ይመጣል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኖ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል። በ2015 እ.ኤ.አ. የሆነውን አይተናል። ግን ጉዳቱ በሰሜን ምሥራቅ ሲበረታ በምዕራብ በኩል ይቀላል። «ኢትዮጵያ» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የማትችሉት ለዚህ ነው።

አሁን ኮድ። ፓይተን ወይም አር፣ አንዱን ያዙ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። በዩቲዩብ መማር ይቻላል፤ ግን ጎጃም ውስጥ ኔት ጠፍቶ የሚሰነብትበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ኔት ሲኖር መማሪያውን፣ ማኑዋሉንና ዳታውን አውርዳችሁ አስቀምጡ። እኔ ፓይተን የተማርኩት አንድ ጓደኛዬ ከባሕር ዳር በፍላሽ ባመጣልኝ ፋይል ነው፤ መብራት በሚመጣበት ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት።

ዳታስ? የጣቢያ ዝናብ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ይጠየቃል። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ያለው ሰው ይቀለዋል። ኢንስቲትዩቱ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የጣቢያን ልኬት ከሳተላይት ጋር አዋህዶ የሠራው ኤናክትስ የሚባል ዳታም አለ፤ በ4 ኪሎ ሜትር ተከፋፍሎ። ቺርፕስ የሚባለው ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የሳተላይትና የጣቢያ ድብልቅ ሲሆን በነጻ ይወርዳል። ከአውሮፓውያኑ ደግሞ ኢራ-5 አለ፤ ከ1940 ይጀምራል። ተራራ ላይ ሳተላይቱን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከጫፉ እስከ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ውርጭን፣ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በአንድ ቀን ታልፋላችሁ። አንዷ የሳተላይት ሳጥን ይህን ሁሉ አማካይ አድርጋ ነው የምታቀርበው። «ጎጃም ዳታ የለውም» የሚለኝም አለ። ደምበጫ አቅራቢያ ያለው አንጀኒ የአፈርና ውሃ ምርምር ተፋሰስ እኮ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው መለካት የያዘው።

እዚህ ላይ ጉዴን ልንገራችሁ።

የአንድ ጣቢያ የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ በፍላሽ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ የየዓመቱን ድምር አወጣሁ። ግራፉ ላይ በ1990 ዓ.ም. ቁልቁል የሚወርድ ጉድጓድ አለ። «ከባድ ድርቅ» ብዬ ቀይ ቀስት አደረግኩበት። ፓወር ፖይንቱን ለቤተሰብ ላሳይ ብዬ ላፕቶፑን እንደያዝኩ ቤት ገባሁ። አባ ቀስቱን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«የ1990 ድርቅ ነው አባ።»

«የትኛው 90? ታናሽ ወንድምሽ የተወለደበት?»

«አዎ።»

«ያን ክረምትማ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇን ማሻገር አቅቶን ነበር።» ከዚያ ትንሽ ዝም አለና፣ «የነሐሴ ዝናብ ከቀረማ እኔ እንዴት አለሁ?» አለኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። ነሐሴ 1990፦ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ቀኑ ሁሉ ዜሮ። በጎጃም ነሐሴ ሙሉ ጠብ ሳይል ሲያልፍ ያየ አለ? ጣቢያው ያን ወር አልመዘገበም። በኋላ ወደ ኤክሴል የገለበጠው ሰው ባዶውን ቦታ በዜሮ ሞላው። እኔም ሳላይ ደመርኩት። ድርቁ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ይህ ነው። ባዶ፣ ዜሮ እና −99.9 ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዜሮ ማለት «ለካሁ፣ አልዘነበም» ነው። ባዶ ማለት «አልለካሁም» ነው። −99.9 ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚጻፍበት መንገድ ነው፤ ሳታወጡት አማካይ ብትሠሩ ዝናባችሁ ከዜሮ በታች ይሆናል። ዓመታዊ ድምር ከማውጣታችሁ በፊት ወር በወር በግራፍ እዩት። ከሐምሌና ከነሐሴ ውስጥ ዜሮ የሆነ ካለ ቁሙ። የጎረቤት ጣቢያውን እዩ። ቺርፕስን እዩ። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌ ጠይቁ፤ ግን «ዝናቡ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ማን የተወለደበት ክረምት ነው?» በሉ።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። የዝናቡ ዳታ በፈረንጅ ዓመት ይመጣል። የቀበሌው የምርት ሪፖርት በእኛ። የ2015 እ.ኤ.አ. ክረምት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ 2007 ላይ ያርፋል። አዝመራው የሚሰበሰበው ግን 2008 ከገባ በኋላ ነው። ለዚህ ነው ግብርና ቢሮ «2007/08 የምርት ዘመን» የሚለው። ስምንት ብቻ ቀንሶ የሚያጣብቅ ሰው የአንዱን ክረምት ዝናብ ከሌላ ክረምት ምርት ጋር ያጋባል። «ዝናብና ምርት ግንኙነት የላቸውም» የሚል ቴሲስ ካነበባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የዝናብ መግቢያን እንዴት እንዳሰላሁት ለሚጠይቁኝ፦ በብዛት የሚሠራበት መለኪያ በተከታታይ ሦስት ቀን 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና በቀጣዮቹ 30 ቀናት ውስጥ ከ10 ቀን የበለጠ ድርቀት ካልመጣ ገብቷል ይላል። አባ የራሱ መለኪያ አለው። ማረሻው አፈሩን ሲገለብጠው ከሥር ነጭ ደረቅ ካልታየ ገብቷል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የሚለያዩት ዝናቡ መጥቶ አታሎ በሚመለስባቸው ዓመታት ነው። የቴሲሴ ምርጡ ምዕራፍ ከዚያ ልዩነት ወጣ።

በነገራችን ላይ፣ «ማን-ኬንዳል» የሚባለውን የአዝማሚያ ፈተና (ቁጥሩ በጊዜ ብዛት እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን የሚያይ ስታቲስቲክስ) ያልሠራ የኢትዮጵያ የአየር ንብረት ማስተርስ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኔም ሠርቻለሁ። ችግር የለውም። ግን «ዝናቡ እየቀነሰ ነው፣ ለውጡ ግን ጉልህ አይደለም» ብሎ መጨረስ ጥያቄን መመለስ አይደለም።

ፖሊሲን በአንድ ቁጥር ጀምሩ

የፖሊሲ ትምህርት ወሬ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. ባደሰችው ብሔራዊ ቃሏ፣ በ2030 ሊኖር ከሚችለው የጋዝ ልቀት 68.8 በመቶ እቀንሳለሁ አለች። ቁጥሩን ፈታ አድርጉት። 14 በመቶው በራሷ አቅም ነው። 54.8 በመቶው የውጭ ድጋፍ ከተገኘ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ አንድ ሴሚስተር ያስተምራሉ። «ሊኖር የሚችለው ልቀት» የሚባለውን ማን፣ በምን ግምት አሰላው? ድጋፉስ በብድር ነው በስጦታ? ካልመጣ ማን ይጠየቃል?

ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱና በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአየር ንብረት የማይበግረው አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አንብቡ። የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን፣ እንደ ድሮው ከተሄደ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል የሚል ነው። ከዚያ የፓሪስን ስምምነት አንብቡ፤ 29 አንቀጽ ናት፣ በአንድ ከሰዓት ታልቃለች። ስለ ስምምነቱ የተጻፈ አንብቦ ስምምነቱን ያላነበበ ስንት ተማሪ አለ መሰላችሁ።

ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። እኔ ዲኤ እያለሁ ስንት ችግኝ እንደተተከለ በየሳምንቱ ሪፖርት አደርግ ነበር። ስንቱ ጸደቀ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በአገር ደረጃ ያለው ቁጥርና በማሳ ላይ ያለው ነገር ሳይገናኙ የሚተላለፉት እዚህ ላይ ነው። በፖሊሲ በኩል የምትገቡ ከሆነ፣ እንደ እኔ ዓይነት ሪፖርት የሞላ ሰው ለእናንተ ከመጽሐፍ ይበልጣል። ሄዳችሁ ቡና ጋብዙት።

የአይፒሲሲን (የአየር ንብረት ሳይንስን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ቡድን) ሪፖርት እንዴት ላንብብ ለምትሉ፦ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አትሞክሩ፤ በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ነው። የስድስተኛው ዙር የመጀመሪያ ቡድን ስለ ፊዚክሱ፣ ሁለተኛው ስለ ጉዳቱና ስለ መላመድ፣ ሦስተኛው ልቀትን ስለ መቀነስ ነው። ከሁለተኛው ቡድን ምዕራፍ 9ን ያዙ፤ አፍሪካ ናት። ቃላቱን ልብ በሉ። እኛ «ሳይሆን አይቀርም» ብለን የምናልፈውን እነሱ በቁጥር ነው የሚሉት፤ አንዱ ደረጃ ከ66 በመቶ በላይ፣ ከፍ ያለው ከ90 በመቶ በላይ ዕድል ማለት ነው። አማርኛ ላይ ስትተረጉሙ ሁለቱንም «ምናልባት» ካላችሁት ተበላሸ።

ኮፕ 32፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በ2027 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ነው። ድርድር ምን እንደሚመስል ለማየት ቪዛ የማያስፈልጋችሁ ዓመት ነውና ከአሁኑ አስቡበት።

ማመልከት፦ ከቴምፖ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት

አገር ቤት ከሆነ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የምንለውን፣ ማለፍ አለባችሁ። ከዚያ እንደ ጥያቄያችሁ ምረጡ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የአደጋ ስጋትና የምግብ ዋስትና ጥናት ኢንስቲትዩት አለው። አርባ ምንጭ በውሃና በሜትሮሎጂ የቆየ ነው። ሐረማያ ለአየር ንብረት በሚስማማ ግብርና ላይ የልህቀት ማዕከል አለው። ደን ከሆነ ወንዶ ገነት። ስሙን ሳይሆን አማካሪ የሚሆናችሁን ሰው እዩ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ምን ጻፈ? ተማሪዎቹ በጊዜ ይመረቃሉ? ይህን የሚነግራችሁ ዌብሳይት አይደለም፤ ተማሪው ነው። ካፌ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁት።

ውጭ ከሆነ ደንቡን ቀድማችሁ እወቁ። ለልማት ሙያዎች የሚሰጠው የጀርመኑ ዳድ ስኮላርሺፕ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከተያዘ ከስድስት ዓመት በላይ ባይሆነው ይመረጣል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ 2,800 የሥራ ሰዓት ይላል። ኤራስመስ ሙንደስ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይከፈታል። ሁለት ብዙ ሰው የማያውቃቸውን ልጨምር። ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለው የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከል ከታዳጊ አገር ለሚመጡ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፤ አንዱ ዘርፍ የምድር ሥርዓት ፊዚክስ ነው፣ ወጪውን ይሸፍናል። የፊዚክስና የሒሳብ ምሩቅ ከሆናችሁ ወደ ፒኤችዲ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። አልጄሪያ፣ ትለምሰን ደግሞ የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውሃና ኢነርጂ ተቋም አለ። ለስኮላርሺፕ «ማስፈጸሚያ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ብሎክ አድርጉት።

ወረቀት ዛሬውኑ ጀምሩ። ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊው የዲግሪ ወረቀት፣ ነው። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ኮስት ሼሪንግ መጨረስ አለባችሁ፤ ይህ ወራት ሊበላ ይችላል። ፓስፖርትም እንደዚያው። የእንግሊዝኛ ፈተና ለመፈተን ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መሄድ አለ፤ መንገዱ ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲውን «በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት የሚል ደብዳቤ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሚቀበሉ ብዙ ናቸው።

የድጋፍ ደብዳቤ ነገር ታውቁታላችሁ። መምህሩ «ራስሽ ጻፊውና አምጪ፣ እፈርማለሁ» ይላል። አትጻፉ። ራሱን የሚያመሰግን ሰው ድምፁ ያስታውቃል። በምትኩ አንድ ገጽ መረጃ ስጡት፤ የትኛውን ኮርስ ከእሱ እንደተማራችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ የት እንደምታመለክቱ፣ ቀነ ገደቡ መቼ እንደሆነ። ሥራውን ካቀለላችሁለት ይጽፋል።

ለፕሮፌሰር ኢሜይል። እኔ መጀመሪያ ለ23 ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል ላክሁ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለአየር ንብረት ከፍተኛ ፍቅር አለኝ፣ የእርስዎን ታላቅ ሥራ አደንቃለሁ» የሚል። አንድም መልስ የለም። በሁለተኛው ዓመት ለአምስት ሰው ብቻ ጻፍኩ፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ። ከጽሑፋቸው አንድ ግራፍ ጠቀስኩ፤ ከዚያም «የእናንተ መለኪያ ዝናቡ ገባ ያለበትን ቀን፣ የእኛ አገር ገበሬዎች ግን አልገባም ያሉበትን ዓመታት አግኝቻለሁ፤ ግራፉ ተያይዟል» አልኩ። ስድስት መስመር አይሞላም። ሁለቱ መለሱ። አንደኛዋ አሁን አማካሪዬ ናት።

ቀነ ገደብ ላይ ሰዓቱን ተጠንቀቁ። በክረምታቸው «23:59 የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» ማለት በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ግን እዚያ አትድረሱ። ጥያቄዎቹን በሙሉ ከፎርሙ ወደ ወርድ ገልብጡና ኔት ሳያስፈልጋችሁ ሙሉት። ከሳምንት በፊት ላኩት። አንድ ጊዜ በመጨረሻው ቀን ኔት ጠፍቶ፣ እኔ ደግሞ ፋይሉ ተዘጋጅቶ ላፕቶፔ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እያየሁት አለፈኝ። ለሳምንት ያህል ከሰው ጋር አላወራሁም።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም አንድ ዓረፍተ ነገር ላከችልኝ። «ከጤፍ ማሳ ወደ ዲከረንስ በተቀየረ መሬት፣ ዛፉ አንድ ዙር ከሰል ከሆነ በኋላ አፈሩ ውስጥ የቀረው ካርቦን ከድሮው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ትላለች። «በስንት የሚለውን ጨምሪበት» አልኳት። «እሺ እትዬ» ብላ፣ አሁን የአፈር ናሙና ማውጫ ከማን እንደምትዋስ እያጠያየቀች ነው።